ቁልፉ የተነሳለት ሞተር

ኢቫኒ የቃኘችውን ሞተር ሌላ ሰው አይከፍተውም። ይህ የእሷ ክፋት ሳይሆን የሙያው ደንብ ነው። ፒራሲካባ ከተማ ውስጥ መኪና የሚቃኝ ሁሉ ሞተሩ ምን ያህል ነዳጅ እንደሚጠጣ፣ ካንዴላው መቼ እሳት እንደሚጭር፣ ቱርቦው ምን ያህል አየር እንደሚገፋ በላፕቶፑ አስተካክሎ ሲጨርስ የመኪናውን ኮምፒውተር በይለፍ ቃል ይቆልፈዋል። ሌላ ጋራዥ ቢሞክር ዝግ በር ነው የሚጠብቀው። ደንበኛ ቢኮራም ቢያኮርፍም ዞሮ ዞሮ ወደ ቃኚው ይመለሳል። ቁልፉ የሚነሳለት አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው፤ ጋራዡ በቃኸን ብሎ ያሰናበተውና ዳግመኛ ደጁን እንዲረግጥ የማይፈልገው ደንበኛ። እገሌ ቁልፉ ተነሳለት ከተባለ ምን አጥፍቶ ይሆን ተብሎ ይታማል።

ኦታቪዮ ያን የሰኔ ጠዋት ግራጫ መኪናውን ይዞ ወደ ጋራዡ ሲገባ ኢቫኒ ገና ቱታዋን እየቆለፈች ነበር። ማን እንደመጣ ለማወቅ ዞር ማለት አላስፈለጋትም። ያን ሞተር ከመንገዱ ጫፍ ጀምሮ ትለየዋለች። ልቧ እንደ ልማዱ ደረቷን ደበደበ፣ እሷም እንደ ልማዷ ፊቷን አኮሳትራ ጠበቀችው።

"ደግሞ ምን ሆነ?" አለችው።

"ድምፁ ደስ አላለኝም።"

"ባለፈው ሳምንት ሽታ ነበር፣ አሁን ድምፅ። ይሄ መኪና ካንተ ይልቅ በጤናው ይኖራል።"

ኦታቪዮ ሳቅ አለ። በእርግጥ መኪናው ምንም አልሆነም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም ሆኖ አያውቅም። ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ሁለቱ ብቻ አፍ አውጥተው አልተናገሩትም። እሱ ከሸንኮራ ለመኪና ነዳጅ የሚሆን አልኮል የሚያወጣው የሳንታ ኤውላሊያ ፋብሪካ ባለቤቶች ልጅ ነው። እሷ ደግሞ ለዚያው ፋብሪካ ሸንኮራ ሲቆርጥ የኖረ ሰው ልጅ ናት። እሱ ምክንያት እየፈለገ ይመጣል፣ እሷ ምክንያቱን እያመነች ኮፈኑን ትከፍታለች። የተቀረውን ዓይናቸው ከሞተሩ በላይ እየተገናኘ ይነጋገረዋል።

ያን ጠዋት ግን ኦታቪዮ ኮፈኑ እስኪከፈት አልጠበቀም።

"ወደ ደቡብ ልሄድ ነው" አለ። "ኡሩጓያና። የአባቴን የሩዝ እርሻ የሚያይ ሰው ጠፍቷል።"

ኢቫኒ የያዘችውን ጨርቅ ማጠፍ ጀመረች። የቆሸሸ ጨርቅ ማን አጥፎ ያውቃል? "ለስንት ጊዜ?"

"አባቴ እስኪበቃህ ነው ያለኝ።"

ማን እንዳሰበው ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። ቤተሰቡ ልጁን የሚያርቀው ከሸንኮራው ሳይሆን ከዚህ ጋራዥ ነው። ሁለቱም አወቁት፣ ሁለቱም ዋጡት።

"እዚያ አልኮል በደንብ አይገኝም" ብሎ ቀጠለ። "ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። የድንበሩን ወንዝ ተሻግሬ አርጀንቲና ከገባሁ ደግሞ ጭራሽ የለም። ያለው ቤንዚን ነው።"

"ይሄን መኪና እንዳለ ቤንዚን ብትሰጠው ፒስተኑን ይበሳዋል። ለአልኮል ብቻ ነው የቃኘሁት።"

"ሁለቱንም እንዲጠጣ አድርጊልኛ።" ከዚያ መሬት መሬት እያየ ጨመረ፦ "ቢሆንም በየጥቂት ወሩ ላንቺ ማሳየት ይኖርብኛል፣ አይደል?"

"ሥራዬን በደንብ ከሠራሁ ምንም ማሳየት አያስፈልግህም" አለች ኢቫኒ።

የሙያዋ ኩራት ነበር የተናገረው። እሷ እንዲያውም ሊያጽናናት የሚችል ነገር ለመስማት እየጠበቀች ነበር። የኦታቪዮ ፊት ግን ድንገት ሲጠወልግ አየች፣ ምን እንዳጠፋች ግን አልገባትም። የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ በእግሩ ሄደ። ጋራዡ ባዶ ቤት ሆነባት።

ሥራው ቀላል አይደለም። አልኮል ሆደ ሰፊ ነው፤ ከቤንዚን ይልቅ ብዙ ይጠጣል፣ በምላሹ ሞተሩን እያቀዘቀዘ የቱርቦውን ግፊት በትዕግሥት ይሸከማል። ካንዴላው ቀደም ብሎ ቢጭርበት እንኳ አይቆጣም። ቤንዚን ግን ቁጡ ነው፤ ያንኑ ግፊት ብትጭንበት ሲሊንደሩ ውስጥ ያለ ጊዜው ይፈነዳና ብረቱን እንደ መዶሻ ይቀጠቅጠዋል። ኢቫኒ በነዳጁ መስመር ላይ የአልኮሉን መጠን የሚለይ ትንሽ መሣሪያ አስገባች። መሣሪያው በጋኑ ውስጥ ምን እንዳለ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል፣ ኮምፒውተሩም ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው በራሱ ይሸጋገራል። መኪናው ጎማውን በሚያሽከረክር ሮለር ላይ ቆሞ ከቦታው ሳይነቃነቅ እየሮጠ፣ እሷ አንድ ጊዜ በአልኮል፣ አንድ ጊዜ በቤንዚን፣ አንድ ጊዜ በቅልቅል እየሞላች ቃኘችው።

የቱርቦ ቧንቧ የሚበይድላት ሽማግሌው ዛካሪያስ ጥግ ላይ ተቀምጦ ማሽላ ቀለም ያለውን ጢሙን እያሻሸ ያያታል።

"ለማን ነው እንዲህ የሚለፋው?" አላት።

"ለደንበኛ ነዋ፣ ጋሼ ዛካሪያስ።"

"እኔ እኮ በመኪናው ቀናሁ። እንዲህ በስስት ያየኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ይሄኔ ሦስተኛ ሚስቴን አልፈታም ነበር።"

ኢቫኒ ሳቀችና ወደ ላፕቶፗ ተመለሰች። የምትሠራው እሱን ወደ ሩቅ የሚወስደውን ነገር ነው። ይህን እያወቀች አንዲት ቁጥር እንኳ አሳስታ ማስቀመጥ አልቻለችም።

በመጨረሻ የቀረው የብርዱ ቅኝት ነበር። አልኮል በብርድ እሳት አይዝለትም፤ በደቡብ ክረምት ደግሞ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ቀዝቃዛ ሞተር እንዴት እንደሚነሳ መሞከር የሚቻለው በቀን አንዴ ብቻ ነው። አንዴ ከሞቀ ያው ሞቀ፤ ስህተቱን ለማረም የነገን ንጋት መጠበቅ ነው። ስለዚህ መኪናው ውጭ ያድራል፣ ኢቫኒ ጎህ ሲቀድ ትመጣለች። ኦታቪዮም ማንም ሳይጠራው መምጣት ጀመረ። ከመንገድ የገዛውን ትኩስ የአይብ ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ ያመጣል፣ ከመሪው ኋላ ይቀመጣል፤ እሷ ከጎኑ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጥሩን ታያለች።

"አስነሳው።"

ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ይንተፋተፋል፣ ይጠፋል።

"ነገ" ትላለች።

"ነገ" ይላል እሱ፣ ሎተሪ እንደደረሰው ሰው ደስ ብሎት።

በእነዚያ ጠዋቶች ትንፋሻቸው መስታወቱን ያደበዝዘዋል። ውጭው አይታይም፤ ፋብሪካውም፣ ቤተሰቡም፣ ኡሩጓያናም የለም። የሚያወሩት ስለ ሙቀትና ስለ ነዳጅ ነው። አንድ ጊዜ ክርኑ ክርኗን ነካ፤ ሁለቱም አላራቁትም። አንድ ጊዜ ደግሞ እጁን ከመሪው ላይ አንስቶ ወደሷ ዞረ።

"ኢቫኒ፣ አንድ ነገር ልበልሽ?"

"በለኝ።"

ዓይኑ ውስጥ የነበረውን ነገር እሷ በደንብ አነበበችው፤ ቢናገረው ምን እንደምትመልስለትም ታውቅ ነበር። "አሁን ነዳጁን ጨመርሽ ወይስ ቀነስሽ?" አለ በመጨረሻ።

"ጨመርኩ" አለች ቀስ ብላ።

በማግስቱ ሞተሩ ገና ሲነካ ተነሳ። ኢቫኒ ከዚያ የተሻለ ሥራ ሠርታ አታውቅም። ሁለቱ መኪናው ውስጥ እንደተቀመጡ የሞተሩን ድምፅ አዳመጡ፣ እንኳን ደስ ያለሽ ያላት ግን የለም። ሌላ ንጋት አልቀረላቸውም።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የኦታቪዮ እናት ዶና ቬራ መጡ። ሹፌራቸውን ውጭ ትተው፣ የሐር ሻርፓቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብስበው በዘይቱ መካከል እየመረጡ ረገጡ። ኢቫኒ ወንበር ጠረገችላቸው። አልተቀመጡም።

"አባትሽን አውቀዋለሁ" አሉ። "ብርቱ ቆራጭ ነበር።"

"አዎ ዶና ቬራ። ጉልበቱን እዚያው ሸንኮራው ውስጥ ትቶት ነው የወጣው።"

ሴትዮዋ ይህን ሰምተው እንዳልሰሙ አለፉት። ክፉ ሴት አይደሉም። ለልጃቸው የሚፈሩ ሴት ናቸው፣ እሱ ይብሳል። "ኦታቪዮ ይሄን መኪና ከአንቺ በቀር የሚነካው የለም ይለኛል። እውነት ነው?"

"እስከተቆለፈ ድረስ እውነት ነው።"

"ቁልፉ ደግሞ አንቺ ጋ ነው።"

"አዎ።"

ዶና ቬራ ግራጫውን መኪና ትኩር ብለው አዩት። ድምፃቸው ዝቅ አለ። "የኔ ልጅ፣ ሰው በቁልፍ ተይዞ አይኖርም። አንድ ቀን ይመረዋል። የያዘውንም ሰው አብሮ ይጠላዋል። እኔ ከአንቺ ጋር ልጣላ አልመጣሁም። መንገዱ ረጅም ነው፣ አገሩ ባዕድ ነው። ልጄ የሆነ በረሃ ላይ እንዳይቆምብኝ አደራ ልልሽ ነው።"

ቢሰድቧት ትመልስላቸው ነበር፤ ቢደልሏት ታባርራቸው ነበር። እውነቱን ነው የነገሯት። ለካ ስንት ቀን ሙሉ ለራሷ እንኳ ሳትናገር ያንን ቁልፍ ሙጭጭ ብላ የያዘችው እሱን ስለምትፈልግ ኖሯል። ግድ የለም ይሂድ፣ ያው መመለሱ አይቀርም ብላ ነበር በልቧ። እንደ በሬ አስራው ኖሯል። ሴትዮዋ ከሄዱ በኋላ ፊቷ በሀፍረት ጋለ።

ላፕቶፑን ከፈተች፣ የይለፍ ቃሉን አስገባች፣ መቆለፊያውን አነሳች። ከአሁን በኋላ ያን ሞተር የትም አገር ያለ ባለሙያ ሊከፍተው፣ ሊያርመው፣ ሊያድነው ይችላል። ኢቫኒ የምታስፈልግበት ነገር አልቀረም።

ዛካሪያስ ከኋላዋ ቆሞ ስክሪኑን አየ። "አነሳሽለት? ልጁ ምን አጠፋ?"

"ምንም።"

"አንቺ ልጅ፣ እዚህ አገር ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ጠፍቶሽ ነው?"

"እነግረዋለሁ፣ ጋሼ።"

"አንቺ? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚሉት አንቺን አይተው ነው። አሁን እንኳ ለአንዴ ዝንቡ ይግባ።"

እውነቱን ነው ብላ ሌሊቱን ሙሉ የምትለውን ስታዘጋጅ አደረች። የተዘጋጀ ንግግር ደግሞ በሚፈለግበት ቀን ይጠፋል።

ኦታቪዮ በማግስቱ ሻንጣዎቹን ይዞ መጣ። ፀሐይዋ ወጥታ ብርዱ ለቀቅ ብሏል። ኢቫኒ ዓይኑን ላለማየት ኮፈኑን አንዴ ከፍታ ዘጋችው።

"ይሄው" አለች። "አልኮል ስጠው፣ ቤንዚን ስጠው፣ ቀላቅለህ ስጠው፣ ራሱ ይለየዋል። በብርድም ይነሳል።"

"አውቃለሁ። ቆልፈሽዋል?"

"አልቆለፍኩትም። አንስቼዋለሁ።"

ኦታቪዮ የመኪናውን በር ይዞ ቀረ። ደሙ ከፊቱ ሲሸሽ አየችው።

"አሰናበትሽኝ" አለ።

"አላሰናበትኩህም።"

"ቁልፍ የሚነሳለት ማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን ኢቫኒ። ቢያንስ ምን እንዳደረግኩሽ ንገሪኝ።"

"ምንም አላደረግከኝም። እዚያ ሆነህ አንድ ነገር ቢበላሽ ሌላ ባለሙያ እንዲከፍተው ብዬ ነው። መንገድ ላይ እንዳትቀር ብዬ ነው።"

"እኔ እኮ..." አለ። በሩን ለቆ ወደሷ መጣ። "ለአባቴ ምን እንዳልኩት ታውቂያለሽ? ይሄ መኪና በየጥቂት ወሩ ፒራሲካባ ካልመጣ ይሞታል፣ ከኢቫኒ በቀር የሚከፍተው የለም አልኩት። አባቴ መኪና ስለሚወድ አመነኝ። እናቴ እንኳ መልስ አጣችለት። መመለሻዬ እሱ ነበር። ሌላ የለኝም። እሱን አነሳሽው።"

ኢቫኒ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። ሊመለስ ነበር። እሷ በስውር ቁልፉን ሙጭጭ ብላ ስትይዝ እሱም በሌላው ጫፍ ያንኑ ቁልፍ ሙጭጭ ብሎ ይዞት ነበር። የሥራ ጠረጴዛዋን ተደገፈች። ላፕቶፑ እዚያው አጠገቧ ነበር።

"መልሰሽ ቆልፊው" አለ ኦታቪዮ። "ምንም አይፈጅብሽም። ቅኝቱን እንዳለ ተዪው፣ ብቻ ቆልፊው።"

እውነቱን ነው፣ ምንም አይፈጅም። ገመዱን አንስታ ሰካችው። ጣቶቿን ፊደሎቹ ላይ አደረገች። ሙሉ ሰውነቷ ቆልፊው ቆልፊው ይላታል። የሚመጣው ዓመት ወለል ብሎ ታያት፤ እሱ በየጥቂት ወሩ ይመጣል፣ ድምፁ ደስ አላለኝም ይላል፣ እሷ ኮፈን ትከፍታለች፣ ከሞተሩ በላይ ይተያያሉ፣ ይሄዳል። ከዚያ ደግሞ ይመጣል። ከዚያ አንድ ቀን መኪናውን ይሸጠዋል።

ጣቶቿን አነሳች።

"ኦታቪዮ፣ የምትመጣው እኔን ልታይ ነው ወይስ መኪናውን ልታሳይ?"

"ምን ልዩነት አለው? መምጣቴ አይደል ቁም ነገሩ?"

"ለኔ ልዩነት አለው።" ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋት፤ የቀረው የተራቆተው ነገር ብቻ ነው። "ሁለት ዓመት ሽታ ሸተተኝ፣ ድምፅ ሰማሁ እያልክ መጣህ። አንድ ቀን እንኳ አንቺን ብዬ ነው አላልክም። እኔም አንድ ቀን ጠብቄህ ነበር አላልኩህም። ፈርተን ነው። እኔ ዛሬ መፍራት ሰልችቶኛል። እወድሃለሁ። መጀመሪያ ይሄን መኪና ይዘህ ከገባህበት ቀን ጀምሮ። ስለዚህ ና። ያለ ቁልፍ ና። ባስፈለገህ ጊዜ ሳይሆን በፈለግከኝ ጊዜ ና።"

ዓይኑ እንባ አቀረረ። ዘይት የነካውን እጇን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ደረቱ አስጠጋው። ልቡ ሲመታ ተሰማት።

"እኔም እወድሻለሁ" አለ። "እግዜር ያውቃል እወድሻለሁ።"

ኢቫኒ ትንፋሿን ያዘች። በሕይወቷ እንዲህ ሙሉ ሆና አታውቅም።

"ግን ለእናቴ ምን እላታለሁ?"

በጣም በቀስታ ነው ያለው። ልጅ እናቱን እንደሚጠይቅ ዓይነት፣ መልሱን ከሷ እየጠበቀ።

"እሷን ብዬ ነው የመጣሁት በላቸው" አለች ኢቫኒ። "እውነት ነው፣ አጭር ነው፣ አይጠፋህም።"

ጠበቀችው። በዚያ ሁሉ ንጋት እንዳዳመጠችው ቀዝቃዛ ሞተር አዳመጠችው፣ ይነሳ ይሆን ብላ። ዓይኑ ቀስ እያለ ከዓይኗ ወደ አገጯ፣ ከአገጯ ወደ ጫማው ወረደ። እዚያው ቀረ። ኢቫኒ ያኔ አወቀች። አይወዳትም ማለት አይደለም፤ ያ ቢሆን ኖሮ ይቀላት ነበር። ይወዳታል፣ ግን ፍቅሩ ሌላ ነገር ደግፎት ካልሆነ በራሱ አይቆምም። እጇን ከእጁ ውስጥ አወጣች፣ ገመዱን ነቀለች፣ ላፕቶፑን ከደነችው።

"ብርድ አይምታህ" አለችው። "መንገዱ ላይ ቀስ በል።"

"እደውልልሻለሁ።"

"እሺ።"

ኦታቪዮ ገብቶ ተቀመጠ። ሞተሩ ገና ሲነካው ተነሳ። አንድ ጊዜ በመስታወቱ በኩል አያት፣ አፉ የሆነ ነገር አለ፣ አልተሰማትም። ከዚያ መኪናው ከግቢው ወጣ።

ኢቫኒ በሩ ላይ ቆመች። ዛካሪያስ መበየጃውን አጠፋ። መኪናው ከዓይን ጠፋ፣ ለጆሮዋ ግን ገና አልጠፋም። ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ ሰማች። ድልድዩ ላይ ፍጥነቱን ሲቀንስ ሰማች። ወንዙን ተሻግሮ በሸንኮራው መካከል ወደሚያልፈው ረጅም መንገድ ሲወጣ ቱርቦው አየር ሳበ፣ ድምፁ ጠራ፣ ራቀ።

በዚህ ሁሉ የሥራ ዘመኗ በእጇ ሥራ ላይ እንከን ተመኝታ አታውቅም። ያን ጠዋት ዓይኗን ጨፍና ተመኘች። አንዴ ቢስት፣ አንዴ ቢደናቀፍ፣ አንዲት ትንሽ ነገር አሳስታ ረስታ ቢሆን፣ እሱም ዞሮ ቢመጣ። እስከ መጨረሻዋ ድምፅ ድረስ አዳመጠች። ሞተሩ አንድም ጊዜ ሳይስት ሄደ።